ቀዩ የዋና ልብስ

ባህር ዳርቻ ሄደን እንረፍ ያለችው ሚስትየው ናት። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለሆነች ካለች አለች ነው። ባልየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ጫማው ውስጥ አሸዋ ከገባ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። ልጃቸው ደግሞ ለባህሩ ጀርባዋን ሰጥታ በስልኳ ራሷን ፎቶ ስታነሳ ትውላለች።

አራተኛዋ የሚስትየው እናት ናቸው። እሳቸው የመጡት ለመቃወም ነው።

«ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅ የዳክዬ ሥራ ነው፤» አሉ፣ ገና ሻንጣ ሳይፈታ።

ሚስትየው ይህንኑ እየሰማች ስላደገች ዋና ሳትማር ቀርታለች። ዛሬም ከጉልበቷ በላይ አትገባም። አሮጊቷ ጥቁር ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ጠምጥመው የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጡና ባህሩን እንደ ባለጋራ አፈጠጡበት።

ከአማቻቸው ጋርም ሰላም የላቸውም። «አንተ ሰፊ» ይሉታል እንጂ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። ለሠርጉ የሰፋላቸው ቀሚስ ብብታቸው ጋ ጠቧቸው ነበር። ይኸው ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳም ይቅር አላሉትም፤ ምንም ይስፋላቸው ምን «ብብቴ ጋ ያዘኝ!» ይሉታል። ከዚህ ያመለጠው አንድ ጊዜ መጋረጃ ሲሰፋላቸው ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ ሚስትየው ነቅታ ጎኗን ብትዳስስ ባልየው የለም። የመጣው ለቁርስ ነው። የሱሪው ጫፍ ረጥቧል፤ ጫማውን በእጁ ይዟል።

«የት ነበርክ?»

«አየር ልቀበል ብዬ።»

«አንተ? በባዶ እግርህ አሸዋ ላይ?»

«ምን አለበት?» አለና ዳቦው ላይ አቀረቀረ።

እናቷ ያን ቀን ሦስት እንቁላል በሉ። የባህር አየር ነው አሉ። ከእሳቸው ጋር የምትተኛው የልጅ ልጃቸው ግን ዓይኗ አብጧል።

«አያቴ ስታንኮራፋ ነው የምታድረው፤ ደግነቱ ሊነጋ ሲል ዝም ትልልኛለች፣» አለች እያዛጋች።

በማግስቱም ባልየው ማልዶ ጠፋ። ሚስትየው የዚያን ዕለት መቀስ ፍለጋ ቦርሳውን ስትከፍት ፌስታል አገኘች። በውስጡ እርጥብ ቀይ የዋና ልብስ አለ፤ እጅጌ ያለው፣ በእጅ የተሰፋ። ትከሻው ላይ ያለው ድርብ ስፌት የባሏ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳስሳ ታውቀዋለች። ደረቷ ላይ ለካችው፤ እሷን መሰል ሁለት ሴት ይይዛል። ለእሷ የዋና ልብስ ይቅርና መሀረብ ሰፍቶላት አያውቅም።

ክው አለች። ወዲያው የሆቴሉ የዋና አስተማሪ ትዝ አለቻት፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ ጥርሷ የማያልቅ ሴት ናት። ትናንት ምሳ ላይ ባሏን ስታልፈው ጠቀሰችውና «ነገ ጠለቅ ያለው ጋ ነን!» ብላው ነበር።

እያለቀሰች ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ ባሌ ሴት ይዟል።»

አሮጊቷን ሻይ ትን አላቸው።

«ማን? ሰፊው?»

«ማልዶ ነው የሚያገኛት። እውነት ከሆነ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ እማዬ። እሱ ቤት አልመለስም!»

«ተይ እንጂ ልጄ! እሱ እኮ ጨዋ ሰው ነው። ይሄ ባህር ነው ጦሱ።»

እናቷ ባሏን ሲያሞግሱ በዕድሜዋ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አዝነውላት መስሏት ይበልጥ ሆድ ባሳት። ሰውዬውን ትወደዋለች፤ ችግሩ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የተኛች መስላ ጠበቀችው። ባልየው ፌስታሉን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ። ትንሽ ቆይታ ተከተለችው። አጥር የሚዘሉ ተማሪዎችን አድፍጣ መያዝ የዘወትር ሥራዋ ነው፤ የዚያን ዕለትም የተገለበጠ ጀልባ ጀርባ አደፈጠች።

የዋና አስተማሪዋ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። የለበሰችው ግን ሰማያዊ ነው። ቀዩን የለበሰችው ሌላ ናት፤ ፊቷን ወደ ባህሩ አድርጋ፣ ውሃውን በእግሯ እየደበደበች፣ እንደ ሕፃን እየሳቀች ትዋኛለች። ባልየው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ዳር ቆሟል። እሱም ይስቃል።

ሚስትየው ደሟ ፈላ። ከጀልባው ጀርባ ብድግ ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ቀይ ለባሿ ቀደመቻት።

«አንተ ሰፊ! ይኸው ዛሬም ብብቴ ጋ ያዘኝ!»