ስኳር የበላው አባጨጓሬ

«እማ! እማ! ወጣች! ነይ ቶሎ!»

መውለጃዬ ደርሷል፤ ሆዴን ደግፌ ከአልጋ እስክነሳ ልጄ ሁለቴ ተመላልሳ ጎተተችኝ። ስም አላት፤ ግን አፏ ስለማያርፍ ቤት ውስጥ «ጥያቄ» ነው የምንላት።

ባሌ የስፌት መኪናው ላይ ያስቀመጠውን የጫማ ካርቶን ከበን ቆምን። ጥያቄ ከጓሮ ያመጣችው አባጨጓሬ የድር ከረጢቱን ቀድዶ፣ የእሳት እራት ሆኖ፣ እርጥብ ክንፉን ያደርቃል።

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ «ጣፋጭ የበላች እናት ሴት ትወልዳለች» ካለቻት ወዲህ ጥያቄ እህት ለማግኘት ቆርጣ ተነስታለች። ለአባጨጓሬው ቅጠል ላይ ስኳር፣ ለእኔ ፓፓያ። በእሷ ሒሳብ፣ እሱ ሴት ከሆነ ሆዴ ውስጥ ያለውም ሴት ነው ማለት ነው። አባጨጓሬው ዝም ብሎ በላ። እኔን ግን ፓፓያ ገና ሳየው ያንገሸግሸኛል። ምን ላድርግ፣ ልጄ ናት፣ እበላለሁ።

«አባ፣ ሴት ናት አይደል?»

ባሌ ልብስ ሰፊ ከመሆኑ በፊት የሐር ትል ማርቢያ ውስጥ ሠርቷል፤ ያውቃል። አጎንብሶ አየና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ንገራት እንግዲህ፣ አልኩት በዓይኔ።

«ቀንዱን አየሽው? እንደ ማበጠሪያ ሰፍቷል፤ የሴቷ ቀጭን ነው። ወንድ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ያን ሁሉ ስኳር አብልቼው?»

«እሱማ ገና እንቁላል ውስጥ እያለ ያለቀ ነገር ነው። ምግብ አይለውጠውም።»

«እማ ሆድ ውስጥ ያለውስ?»

«እሱም ከመጀመሪያው የተወሰነ ነው። ያላወቅነው እኛ ነን።»

እሪ አለች። «ታዲያ በከንቱ ነዋ ያበላኋችሁ!»

አንጀቴን በላችው። ላቅፋት ብል ሆዴ አላስጠጋት አለ።

«እንዴት በከንቱ?» አለ አባቷ፣ እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ። «ይሄ ከእንግዲህ እህል አይቀምስም፤ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም። ይህን ክንፍ ያወጣው ያኔ ባበላሽው ነው።»

ጣቷን ወደ ካርቶኑ ዘረጋች። የእሳት እራቱ ጣቷ ላይ ወጣ፤ እጇን ሳታነቃንቅ አተኩራ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችውና ወደ ጓዳ ሄደች።

ስትመለስ በሰሃን ፓፓያ ይዛለች። ወይ ጉዴ! እኔ እኮ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

አፏን ሆዴ ላይ አስጠጋች። «እሺ፣ ማንም ሁን» አለችው። «ይሄ ለማደጊያህ ነው።»

ትልቁን ቁራጭ መርጣ ወደ እኔ ዘረጋች። አፌን ከፈትኩ።