ቃሉን የማያውቅ አይነፋም

ሉሸስ ፔታዌይ የዘፈኑን ግጥም በቃሉ ያልያዘ ሰው አጠገቡ ቆሞ እንዲነፋ አይፈቅድም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን በደቡብ ቺካጎ ይህን የማያውቅ ሙዚቀኛ አልነበረም። የሚገርመው፣ በሱ ባንድ ማንም አይዘፍንም። ቢሆንም አዲስ ሰው ሲመጣ መሣሪያውን ከሳጥኑ ሳያወጣ አስቁሞ ግጥሙን ከላይ እስከ ታች ያስወርደዋል። አንድ ስንኝ ከሳተ "ሂድና አጥንተህ ና" ነው መልሱ። ብዙዎቹ ሄደው ቀርተዋል።

ይህን ጠባይ ያስያዘችው ሚስቱ ኦዜላ ናት። ወጣት ሳሉ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ በሳክስፎን ያጅባታል። አንድ ቀን በሰው ፊት "አንተ ሰውዬ፣ የምትለውን ሳታውቅ ለምን ትጮህብኛለህ?" አለችው። ቱግ አለ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ግጥሞቹን አንድ በአንድ ከአፏ ለቀማቸው። ጉሮሮዋ ታሞ መዝፈን ካቆመች በኋላም፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዊልከርሰን ባር ትመጣና መድረኩ ፊት ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል። ሲጨርስ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ዙሪያውን ያያል።

በዚያ መከር አንድ የኒውዮርክ ትልቅ ባንድ ሉሸስን ጠራው። "ሚስቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ" ብሎ እምቢ አለ፤ እምቢ ማለቱንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም አወራ። ከዚያ በኋላ ግን ኒውዮርክ የሚለውን ስም ሲሰማ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ቁጡነቱም ባሰበት።

በዚያው ሰሞን ክሊፍተን ማብሪ የሚባል መልከ መልካም ትራምፔት ነፊ ከሴንት ሉዊስ መጣ። የተጠየቀውን ግጥም ሁሉ እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ሉሸስ ሰበብ አጥቶ ቀጠረው፤ እንደማንኛውም አዲስ ሰው ደንቡን ነገረው። "እኔ ስጨርስ ትነሳለህ። ካቆምኩበት ትቀበለኝና የራስህን ትላለህ። እንዳይረዝም።"

በረዶ መጣል ሲጀምር፣ አንድ እሁድ፣ ሉሸስ ተራውን ጨርሶ ዓይኑን እንደገለጠ ከክሊፍተን ትራምፔት የአንድ አሮጌ ዘፈን ቁራጭ ወጣች። ሌላው ሰው ዜማ ሰማ። ሉሸስ ቃሉን ሰማ፦

ልቤ ከሄደ ቆየ፣ የቀረው እግሬ ነው።

ደሙ ፈላ። ይህን ዘፈን ትዘፍነው የነበረችው ኦዜላ ናት፤ ያኔ ክሊፍተን ዳዴ ይል ነበር። ባንዱ ነፍቶት አያውቅም። ታዲያ ከሷ በቀር ማን ያስተምረዋል?

በሚቀጥለው እሁድም ያችው ዜማ መጣች። ከዚያም በሚቀጥለው። ሉሸስ ሚስቱን መሰለል ጀመረ። አንድ ጊዜማ ትራምፔቱ ገና ከንፈር ሳይነካ ኦዜላ አንገቷን ደፍታ አገኛት። የሚመጣውን ታውቃለች ማለት ነው። ተነጋግረዋል ማለት ነው። በገዛ መድረኩ ላይ፣ በገዛ ሚስቱ ዘፈን፣ በአደባባይ እየሰደቡት ነው።

እረፍት ላይ ድራም መቺውን ሩፈስን ጥግ አስያዘው። ሩፈስ ከጥንት ጀምሮ አብሮት ያለ ሰው ነው።

"ያቺን ዜማ ሰምተሃታል?"

"'ልቤ ከሄደ ቆየ'ን? ከሰማኋት ሰነበትኩ።"

"እና ዝም አልከኝ?"

"የባልና ሚስት ነገር ነው፣ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ።" ሩፈስ ላቡን ጠረገ። "ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በሰው ፊት መሆኑ ነውር ነው።"

"ነውርማ ነው" አለ ሉሸስ ጥርሱን ነክሶ። "ዛሬ ያልቃል።"

ቤት ሲገባ ኦዜላ ቀድማው ደርሳ ድስት ጥዳ ነበር። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

"ያቺን ዜማ ትሰሚያታለሽ አይደል?"

"በየእሁዱ።"

"አታፍሪም?"

"አፈርኩ እንጂ። ቃሉን የሚያውቁ የድሮ ሰዎች እየሰሙ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ልብ ከሄደ እግር ምን ይሠራል?"

ኦዜላ ትኩር ብላ አየችው። አልተከራከረችም፤ አለመከራከሯ ይበልጥ አቃጠለው።

"በአፍህ እስክትነግረኝ ነበር" አለች።

"ይኸው በአፌ። ውጪልኝ።"

እሳቱን አጥፍታ ወጣች። ዲትሮይት፣ እህቷ ዘንድ ለመሄድ ባቡር ስትሳፈር ያዩዋት ሰዎች አላለቀሰችም አሉ። ሉሸስ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን በቡጢ ነርቶ እጁን አሳበጠ። አንድ እንባ እንኳ አላወጣችለትም። ሳምንቱን ሙሉ ለክሊፍተን የሚለውን ሲያውጠነጥን፣ ሲሳደብ፣ ብቻውን ሲያወራ ሰነበተ።

እሁድ፣ ባሩ ለሰው ሳይከፈት፣ ባንዱ መሣሪያውን ሲያስተካክል፣ ክሊፍተንን ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው።

"'ልቤ ከሄደ ቆየ'ን በልልኝ። ከላይ እስከ ታች።"

"የቱን?"

"ሚስቴ ያስጠናችህን።"

"ሚስዝ ፔታዌይ? ጋሼ፣ እኔ ከእግዜር ሰላምታ ሌላ ከሳቸው ጋር ተነጋግሬ አላውቅም።"

"አትዋሽ።" ሉሸስ ዜማዋን በአፉ አንጎራጎረለት። "ይቺን።"

የክሊፍተን ፊት ተለወጠ። "ይቺ ቃል አላት እንዴ?"

"ቃሏን ሳታውቅ ነው ስትነፋት የከረምከው?"

"ሳላውቅ ነው። ይቺን አልጠየቁኝም፤ አላውቃትም ብል እንዳያባርሩኝ ፈራሁ። ጥፋቴ ነው።"

"ታዲያ ከማን ወሰድካት?"

ክሊፍተን ወደ ሩፈስ አየ። ሩፈስ ድራሙ ላይ አቀረቀረ።

"ከእርስዎ ነዋ፣ ጋሼ፤ ሁልጊዜ ተራዎን የሚጨርሱት በሷ አይደል፣ እኔ ካቆሙበት ነው የምቀበልዎት።"