የትርሲት ሰባተኛ

የሰው ጆሮ አንድን ዘፈን ከሰባት ጊዜ በላይ አልሰማም ካለ ወዲህ፣ እነትርሲት በር ላይ ሳህን ይቀመጣል። መንገድ ላይ ዘፈን በከንቱ እንዳያልቅበት ጆሮውን በጥጥ ወትፎ የመጣ እንግዳ ጥጡን እዚያ ይጥላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ትርሲት፣ ወንድሟ ዮናታንና ጓደኛቸው አዶኒያስ «ዝናር» ለሚባለው የሜታል ባንድ ዘፈኖች ደረጃ ሲያወጡ ቤቱን በጩኸት አናጉት።

«‹የጨው ሐይቅ› አንደኛ ነው፣ አለቀ ደቀቀ!» አለ አዶኒያስ።

«ሦስተኛ!» አለች ትርሲት። «አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ምት መቀያየር ምንድን ነው?»

«አንቺ ስንቴ ሰማሽው?»

«ስድስቴ።»

«ሰባቱን ሳትጨርሺ ምን አፍ አለሽ!» ብሎ ዮናታን ሳቀባት።

እልህ ያዛትና የቀረቻትን አንዷን ከፈተች። ሁለቱ ድሮ ስለጨረሱት ምንም አይሰሙም፤ ጣታቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይቆጥር ነበር። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ጊታሩ ድንገት ጸጥ አለ። ከበሮው መቼ እንደሚገባ ጠፍቶባት ትንፋሿን ስትይዝ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረቱት። ከበሮውም እኩል ገባ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ትርሲት እንባዋን እየጠረገች ትስቅ ነበር። ደረጃ የሚጽፉበትን ወረቀት ስባ ከ‹የጨው ሐይቅ› ጎን ሦስትን ሰረዘችና አንድ ጻፈች።

«በሉ፣ ጠረጴዛውን እንደገና ምቱልኝ» አለች። «እሱ አያልቅብኝም።»