በጨው ያስለቀቅነው ምድጃ

በደረቅ ወደቡ የጭነት ማስለቀቂያ በብር መክፈል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚከፈለው በጣዕም ነው። ምላስህ ከሚለያቸው ጣዕሞች አንዱን ወስደው ዕቃህን ያስረክቡሃል፤ የተወሰደውም አይመለስም።

የሴቶች ማኅበራችን ያስመጣው የዳቦ ምድጃ ኮንቴይነር ውስጥ ከረመ። ማንም ደፍሮ አልከፈለም። ሊቀመንበሯ እኔ አስካለ ነኝና ሄድኩ።

«እናቴ፣ የትኛውን ይሰጡናል?» አለኝ የመስኮቱ ሠራተኛ በትሕትና።

«ጨውን ውሰድ። ማሩን አልሰጥህም» አልኩት።

ቀዝቃዛ ነገር ምላሴ ላይ አስነክቶ አነሳ። አለቀ።

ምድጃውን በአይሱዙ ጭነን ሰፈር ስንገባ እልልታው ቀለጠ። አይሳካላቸውም ሲሉን የከረሙት ሳይቀሩ ወጥተው አጨበጨቡ።

ከዚያ ለባለቤቴ ለአየነው ምሳ ሽሮ ሠራሁ። በደስታ ሰክሬ ምን እንደከፈልኩ ረስቼ፣ እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። አልጫ ሆነብኝ፤ ጨው ጨመርኩ። ደግሜ ቀመስኩ፤ ደግሜ ጨመርኩ።

አየነው ቃል ሳይተነፍስ ጠርጎ በላ። ከዚያ ውሃ ጠጣ፤ ደግሞ ቀድቶ ጠጣ። ጆጉን ሲያጋምሰው ገባኝ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ስምሽን እየጠራ፣ እኔ ስለ ጨው ላውራ?»

«እንግዲያው ነገ ሊጡን የምትቀምሰው አንተ ነህ» አልኩት።

በማግስቱ፣ ማድ ቤት ረግጦ የማያውቀው ባሌ በማኅበሩ ሴቶች መሀል ቆሞ ሊጡን በጣቱ ቀመሰ። እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና «ትንሽ ጨው» አለ።

ጨመርን።