ያለቦታው የወጣ ዝገት

«ኧረ እጅህን! እጅህን አንሳ ነው የምልህ!»

አባቷ ግን አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የመርከቧን ጎን ፈትጎ ጨርሷል። ወገቧ እስኪቆረጥ ተጎንብሳ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ እያደረገች፣ ቡኒውን በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማውን በጥቁር እየደራረበች ያወጣችው የቀለም ዝገት ጣቱ ላይ ቀረ። ጣቱን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ በኮቱ ጠረገው። በኮቱ!

ቱግ አለች። «ምን ሆነሃል አባባ? ሰው የሰው ሥራ ላይ ምራቁን ይቀባል?»

«ሰውስ የሰው መርከብ ላይ ዝገት ይቀባል?» አለ እሱም።

መርከቧ ጠረጴዛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድማለች። ሞዴል ትባል እንጂ ርዝመቷ ሰው ያስተኛል። የፊታችን ቅዳሜ የቀድሞ ባሕረኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ለእይታ ትቆማለች፤ እውነተኛዋ የጦር መርከብ ተቆራርጣ ብረቷ ከተሸጠ ቆይቷል። አባቷ ጉልበቱን የጨረሰው እውነተኛዋ ላይ ነው። የቀለም ሠራተኞቹ አለቃ ነበር፤ ጎኗ ፊት እስኪያሳይ ያስወለውላት ስለነበር ጓደኞቹ እስከዛሬ «መስታወቱ» ነው የሚሉት። ልጁ ሞዴሉን ስትሠራ ስትከርም ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አላያትም። ዛሬ የመጣው አንዱ ጓደኛው «ልጅህ መርከባችንን አዛገቻት» ብሎ ቢነግረው ነው።

«ቅዳሜ ሁሉም ይመጣሉ» አለ። «ከነልጆቻቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው። ‹መስታወቱ የቀባት ይቺ ናት?› ይላሉ። በእኔ ጊዜ እዚህ ጎን ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ አድራ አታውቅም። አታውቅም! ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ማዕበሉ እያላጋኝ ፍቄ፣ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ቀብቼ፣ ደግሜ ቀብቼ ነበር የምተኛው። አሁን በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው?»

«ማን አዋረደህ? ንጹሕ ከሆነች እኮ የሕፃን መጫወቻ ነው የምትመስለው። ባሕር ላይ የኖረ ብረት ሁሉ ይዝጋል። የእኔ ሥራ ያንን ማሳየት ነው።»

«እሺ፣ መልህቁ ሥር ያለው ይሁን፤ ሰንሰለቱ ይፍቀዋል። ይኼኛውስ?» የፈተገው ቦታ ላይ አጎነበሰ። ከመርከቧ አፍንጫ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከውሃው ልክ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ዝገት ነበረች፤ ከሥሯ የወረደው ቡኒ መስመር ብቻ ነው የተረፈው። «እዚህ ጋ ምን ይነካታል? ሰንሰለት አይደርስ፣ ጀልባ አይደርስ። ዝገት እንዲሁ አይወጣም፤ የሆነ ነገር ቀለሙን ሲመታው፣ ሲመታው ነው የሚወጣው። አንቺ ከራስሽ ፈጥረሽ ነው የለደፍሽው። የማታውቂውን ነገር!»

የማታውቂውን! የቀረቻት ትዕግሥት እዚህ ጋ አለቀች። ብሩሹን የቲነሩ ጣሳ ውስጥ ወረወረችው።

«የማላውቀውን? ዝገት የት የተማርኩ ይመስልሃል? ከግቢያችን በር ነው! አንተ የመንግሥት ብረት ስትወለውል፣ የእኛ በር ከነማጠፊያው ሲበላ አንድ ቀን ብሩሽ አስነክተኸው ታውቃለህ? ለፈቃድ ስትመጣ ትገባበታለህ፣ ስትሄድ ትወጣበታለህ፤ አላየኸውም። እኔ ግን እሱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው ያደግኩት። እያንዳንዷን የዛገች ቦታ በቃሌ ነው የማውቃት። እማዬ ‹የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ› ስትልህ እስቅ ነበር። አሁን አያስቀኝም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውዬው ክው ብሎ ቀረ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ስሟን በጠብ መሃል አንሥተውት አያውቁም። እሷም ደንግጣለች፤ ንዴቱ ግን አልበርድ አላት።

«እና ይኼ...» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። ጣቱ የፈተገው ቦታ ላይ ሊያርፍ ሲል መለሰው። «ይኼ በሩ ላይ የቱ ነው?»

«የእማዬ ጫማ ነው።»

እጁን ከመርከቧ ላይ ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ።

«ሁለት እጇ በዕቃ ተይዞ ስትመጣ በእግሯ ነበር የምታንኳኳው። ሁሌ አንድ ቦታ። ቀለሙ እዚያ ጋ ረገፈ፣ ከዚያ ዛገ፣ ዝናብ ሲመታው ወደ ታች ወረደ። እኛ ደግሞ ጓ! ሲል ‹አባባ መጣ!› ብለን እየተገፈታተርን እንሮጣለን። ስንከፍት እሷ ናት። ሁሌ እሷ ናት! ፊታችንን ታየዋለች እኮ አባባ። አንተ እንዳልሆንክ ስናይ ፊታችን የሚሆነውን ታየዋለች።»

ሽማግሌው በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። መርከቧን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያየው። ኮቱ ላይ የቀረውን ቀለም ደጋግሞ ያሻል።

«መልሺው» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ያጠፋሁትን።»

«ጓደኞችህስ ምን ይላሉ?» አለችው። እልሁ አልወጣላትም።

«ይበሉ።»

አዲስ የስፖንጅ ቁራጭ ቆረጠች፣ ቡኒው ቀለም ውስጥ ነከረችው። አባቷ ከበርጩማው ሳይነሣ አንገቱን አስግጎ ያያታል።

«በየትኛው እግሯ ነበር የምታንኳኳው?» አላት።

በቁጣ ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«አላውቅም» አለች፤ ስፖንጁ እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ። «ስታንኳኳ እኔ ከበሩ ውስጥ ነበርኩ።»