ድካሜን መልስልኝ

የፉትሳል እግር ኳስ ተጫዋች ድካሙን በእጅ አምባር ለቤተሰቡ ማስተላለፍ ከተፈቀደለት ወዲህ የእኔን የሚቀበለው አባቴ ነው። እኔ ሜዳው ላይ እፈነጫለሁ፤ እሱ ተመልካቾች መሃል ተቀምጦ ያለከልካል። እራት ላይ ያጎረስኩትን ሳያኝክ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሁሌም ጎል ሳገባ ተኝቶ ነው።

ዛሬ የዋንጫው ጨዋታ አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ዞር ብዬ አየሁት፤ ያንኮራፋል። አምባሬን ፈታሁት።

«ረድኤት፣ አበድሽ እንዴ?» ጮኸ አሰልጣኛችን።

ድካሜ ሁሉ ተመለሰልኝ። እግሬ ድንጋይ ሆነ፤ ደረቴ ነደደ። አባዬ ግን ብድግ አለ።

«ምቻት!»

እግሬ ስር የደረሰችውን ኳስ መታኋት፤ ገባች! ሜዳው ላይ ተዘርሬ እያለከለክሁ በሳቅ ፈረስኩ።

«አባዬ፣ አየሃት?»

«አየኋት!» አለና ሮጦ መጥቶ ጎንበስ አለልኝ። «ነይ እሽኮኮ! ዛሬ እኔ አልደከመኝም።»