በቢላ የማይቆረጠው ዳይፉኩ

ኪኑዮ ምራቷ ልትገድላት እንደምትፈልግ ያወቀችው በሻይ ነው።

ምራቷ ሱሚዬ ጓዳ ሆና ሻይ ስትቀዳ ኪኑዮ በበሩ ክፍተት አየቻት። ሱሚዬ ከመደርደሪያው ቆርቆሮ አወረደች፣ አንድ ማንኪያ ነጭ ዱቄት ዛቀች፣ የአማቷ ሻይ ውስጥ ጨምራ አማሰለች። ለራሷና ለባሏ ስትቀዳ ግን ቆርቆሮውን አልነካችውም።

"ይጠጡ እማማ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ሻዩ እንደ ሙቅ ወፍሯል። ኪኑዮ ምራቷ ዞር እስክትል ጠበቀችና የአበባው ማሰሮ ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ግድግዳውን እየያዘች ቧንቧው ድረስ ሄዳ ንጹሕ ውሃ ጠጣች። ውሃው ትን ብሏት አሳላት። ንዴት ነው አለች በልቧ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጇ ኢሳኦ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ሚስትህ ሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ትጨምራለች።"

ኢሳኦ እጁ ክሩ ላይ ቆመ። ወደ ጓዳው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አውቃለሁ እማዬ። አትጠጪው።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"አትጠይቂኝ። ዝም በያት ብቻ። እኔ አለሁልሽ።"

አንድ ልጅ ነው ያላት። እሱ አለሁልሽ ካለ አለላት ማለት ነው።

የቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ነበር። ኪኑዮና ባሏ አርባ ዓመት እዚያ ዳይፉኩ የሚባለውን የሩዝ ጣፋጭ ሠርተዋል። የሚጣበቀው ሩዝ በእንፋሎት በስሎ ይወቀጣል፤ እንደ ሊጥ ሲለጠጥ በስኳር የተፈጨ ቀይ ባቄላ ይጠቀለልበታል። ባሏ ለሽማግሌ ሲሸጥ "ቀስ ብለው ያኝኩት አባቴ" ይል ነበር። ለሌላው ሰው ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ዳይፉኩ ይገመጣል እንጂ በቢላ አይቆረጥም።

ባሏ ሲሞት ሱቁ ተዘጋ። አምና ደግሞ ኪኑዮ ራሷ ስትሮክ መቷት ወደቀች። ግራ እጇ ሰነፈ፣ ከንፈሯ ትንሽ ጠመም አለ። ከሆስፒታል በወጣች ቀን ሐኪሙ ኢሳኦን ለብቻው አስቀርቶ ብዙ አወራው። ሱሚዬ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ከነርሷ ጋር ታንሾካሹክ ነበር።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ደህና ናት፣ የፈለገችውን ትብላ አለኝ።"

ሱሚዬ ግን የፈለገችውን አላበላቻትም። ዓሣውን ትፈጨዋለች፣ ሩዙን ታላሽቀዋለች። በአዲስ ዓመት ጎረቤት ያመጣውን ዳይፉኩ ኪኑዮ ወደ አፏ ስታስጠጋ ከእጇ መነተፈቻት።

"ይሄ ለእርስዎ አይሆንም።"

"በገዛ ቤቴ? ስንት ሺህ የጠቀለልኩትን? አንቺ ስስታም!"

"እማማ፣ ለምን እንደሆነ ኢሳኦ ነግሮዎት የለ?"

"ነግሮኛል!" አለች ኪኑዮ። "አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል!"

ሱሚዬ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሲነቃባት ነው አለች ኪኑዮ።

ኢሳኦ የነገራት ይሄ ነው፦ ሱሚዬ ቤቱ ተሸጦ ከተማ ገብታ ፎቅ ላይ መኖር ትፈልጋለች። ቀን ከሌት ትጨቀጭቀዋለች። ኪኑዮ ደግሞ ሁለቱም ባሉበት "ሬሳዬ ሳይወጣ ይሄ ቤት አይሸጥም" ብላ ምላለች። ከዚያ በኋላ ነው ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ የታየው።

ስለዚህ ኪኑዮ እንደ ፊርማ የሚያገለግላትን ማኅተሟን ከመሳቢያ አወጣችና ኢሳኦ ባመጣው ወረቀት ላይ አተመች። ስትሞት ቤቱ ለልጇ ብቻ ነው። ምራቷ አንድ ሚስማር እንኳ አታገኝም።

ከሳምንት በኋላ ሱሚዬ ለአባቷ ሙት ዓመት ወደ ትውልድ መንደሯ መሄድ ነበረባት።

"ብቀር ይሻላል መሰለኝ" አለች በሩ ላይ ቆማ። "ኢሳኦ፣ አደራ ሻይዋን። ነርሷ ያለችውን እንዳትረሳ።"

"ሂጂ እንጂ! እናቴን እኔ አላውቃትም?" አለ ኢሳኦ። "በስንት ሰዓት ነው የምትመለሺው?"

"በአሥራ ሁለት ሰዓት።"

መንገዱ ጋ ደርሳ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። ኪኑዮ በመስኮቱ ሸኘቻት። "ሌባ ነው እንዲህ የሚገላመጠው" አለች።

ኢሳኦ ወጥቶ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ሲከፍተው ትልልቅ ነጭ ዳይፉኩ፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው።

ኪኑዮ እንባዋ መጣ። ከዚያ የድሮ ሙያዋ ተነሳባትና አንዱን በጣቷ ጫን አደረገችው። "የዛሬ ጠዋት ነው። ግን ሩዙን አወፍሮታል፣ ሰነፍ!"

"ትተቺያለሽ ወይስ ትበያለሽ?"

"ሁለቱንም።"

"ቢላ ላምጣልሽ?"

"አባትህ ከመቃብሩ ይነሳብሃል!"

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው።

"እንግዲያው እንደ አባዬ ጉርስ አድርጊው።"

"ሻይስ?"

"ያለው እሷ የቀዳችው ነው፣ ይቅርብሽ። ብዪና አዲስ አፈላልሻለሁ።" ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ።

ኪኑዮ ግማሹን ገመጠችው። ሩዙ ጥርሷ ላይ ተለጠጠ፣ ባቄላው ጣፈጣት። ዓመት ሙሉ ያልቀመሰችው ነው። ቸኩላ ዋጠች።

አልወረደም።

ልትስል ሞከረች፣ ሳሉ አልወጣም። ልትጠራው ሞከረች፣ ድምፅ የለም። ያቺ ሴት ይሄንንም ሳትነካው አልቀረችም፣ ደረሰችብኝ አለች በልቧ። ደግነቱ ልጄ አለ። በደህናው እጇ ወለሉን ደበደበችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ኢሳኦ ዞር ብሎ ፊቷን አየና በሩን ቀስ አድርጎ ከውጭ ዘጋው።